አንዱ ዓይን የሳተውን ሌላው ያያል፦ ከአውሮፕላን ሞተር እስከ ካንሰር ምርመራ የጥምር ምስል ሥራ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኤፕሪል 17 ቀን 2018 ከኒው ዮርክ ወደ ዳላስ በመብረር ላይ የነበረ የአንድ ቦይንግ 737 አውሮፕላን የግራ ሞተር አየር ላይ ሳለ ተሰበረ። በሞተሩ ፊት ከሚሽከረከሩት 24 ብሌዶች፣ ማለትም የማራገቢያ ቅጠሎች፣ አንዱ ከሥሩ ተቆርጦ የሞተሩን ሽፋን መታ። ከሽፋኑ የተገነጠለ ቁራጭ ደግሞ የመንገደኞች መስኮት ሰበረ። የአንዲት መንገደኛ ሕይወት አለፈ። አብራሪዎቹ አውሮፕላኑን ፊላዴልፊያ ላይ ማሳረፍ በመቻላቸው የቀሩት 148 ሰዎች ተርፈዋል።

የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ባካሄደው ምርመራ፣ ብሌዱ የተሰበረው ለዓመታት ቀስ በቀስ እያደገ በሄደ ስንጥቅ ምክንያት መሆኑ ተረጋገጠ። ይህ ብሌድ በ2012 ከሞተሩ ተፈትቶ ተመርምሮ ነበር። ስንጥቁም በዚያን ጊዜ ሳይኖር እንደማይቀር መርማሪዎቹ ገልጸዋል። ምርመራው የተካሄደው ስንጥቅ ውስጥ ሰርጎ የሚገባ አብሪ ቀለም ቀብቶ በልዩ ብርሃን በማየት ነበር። ቀለሙ ግን ስንጥቁን አላሳየም።

አንድ ነገር «ተመርምሯል» መባሉ ብቻውን «ደኅና ነው» ማለት እንዳልሆነ ይህ አደጋ ያስታውሳል። በምን ዓይነት መሣሪያ ተመረመረ፣ መሣሪያውስ ምን ማየት ይችላል፣ ምንስ ያመልጠዋል የሚሉት ጥያቄዎች መልስ ይፈልጋሉ። ሐኪም ቤት ውስጥም ጥያቄው ያው ነው። በሳንባው ላይ ጥላ የታየበት ታማሚም ሆነ መንገደኛ የሚጭን አውሮፕላን ሳይከፈት ወይም ሳይጎዳ ውስጡ መታየት አለበት። ባለፉት አሥርት ዓመታት በሁለቱም መስኮች የተገኘው መፍትሔ ተመሳሳይ ነው፤ የተለያየ ነገር የሚያዩ መሣሪያዎችን ማጣመር።

እያንዳንዱ መሣሪያ ምን ያያል?

የሰውን አካልም ሆነ የብረትን ውስጥ የሚያሳዩ መሣሪያዎች ሁሉም አንድ ዓይነት «ፎቶግራፍ» የሚያነሡ ሊመስሉ ይችላሉ። በእርግጥ ግን እያንዳንዱ የሚለካው የተለየ ነገር ነው።

ራጅ ወይም ኤክስሬይ የሚለካው ጨረሩ በአካሉ ውስጥ ሲያልፍ ምን ያህሉ እንደተዋጠ ነው። አጥንት ብዙ ጨረር ስለሚውጥ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ አየር የሞላው ሳንባ ደግሞ ይጠቁራል። ሲቲ ስካን ይህንኑ ጨረር ከብዙ አቅጣጫ እየላከ፣ በኮምፒውተር ስሌት አካሉን እንደ ዳቦ ቁራሽ በስሱ ከፋፍሎ ያሳያል።

አልትራሳውንድ ጨረር አይጠቀምም። የሰው ጆሮ የማይሰማውን ከፍተኛ ድምፅ ልኮ ተመልሶ የሚመጣውን ማሚቶ ያዳምጣል። ሁለት የተለያዩ ነገሮች በሚገናኙበት ወሰን ላይ ድምፁ ይመለሳል። ስለዚህ በውኃ የተሞላ ከረጢትን ከጠጣር ዕጢ መለየት ይችላል። አየርና አጥንት ግን መንገዱን ይዘጉበታል።

ኤምአርአይ በጠንካራ መግነጢስና በሬዲዮ ሞገድ አማካይነት በውኃና በስብ ውስጥ ከሚገኘው ሃይድሮጂን የሚመጣውን ምልክት ይቀበላል። አንጎልን፣ ጅማትንና ሌሎች ለስላሳ የአካል ክፍሎችን ለይቶ በማሳየት ብልጫ አለው።

ፔት ስካን ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ነው። የሚያሳየው የአካሉን ቅርጽ ሳይሆን ሥራውን ነው። በታማሚው ደም ውስጥ ጨረር የሚያመነጭ ፍሎሪን 18 የተያያዘበት ስኳር መሰል ንጥረ ነገር ይገባል። ብዙ ስኳር የሚጠቀሙ ሕዋሳት ይህን ንጥረ ነገር በብዛት ይሰበስባሉ። አብዛኞቹ የካንሰር ዓይነቶች ስኳር በብዛት ስለሚጠቀሙ በምስሉ ላይ ደምቀው ይታያሉ።

ከፋብሪካ ወደ ሐኪም ቤት

የሕክምና ምስልና የኢንዱስትሪ ፍተሻ ከመጀመሪያው አንስቶ የተሳሰረ ታሪክ አላቸው። ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ቪልሄልም ሮንትገን ኤክስሬይን ያገኘው ኖቬምበር 8 ቀን 1895 በቩርትስቡርግ ከተማ ነበር። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ውስጥ የባለቤቱን እጅ አጥንትና ቀለበት የሚያሳየውን ዝነኛ ምስል አነሣ። በ1901 የመጀመሪያው የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ለእርሱ ተሰጠ።

አልትራሳውንድ ወደ ሕክምና የገባበት መንገድ ደግሞ በፋብሪካ በኩል ያልፋል። የስኮትላንዱ የማሕፀንና ጽንስ ሐኪም ኢያን ዶናልድ በ1955 ከግላስጎው አቅራቢያ ወደሚገኝ የቦይለር ፋብሪካ ሄዱ። ፋብሪካው በብረት ብየዳ ውስጥ የተደበቀ ስንጥቅ የሚፈልግበት የአልትራሳውንድ መሣሪያ ነበረው። ሐኪሙ በቀዶ ሕክምና የወጡ ዕጢዎችንና ለማነጻጸሪያ የሚሆን የበሬ ሥጋ በመኪናቸው ጭነው ወስደው ነበር። መሣሪያው ፈሳሽ የቋጠረውን ዕጢ ከጠጣሩ ለየው።

ሥራቸውን ያስታወቀው ጥናት በ1958 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ወጣ። ከታማሚዎቻቸው አንዷ ሊድን የማይችል የጨጓራ ካንሰር አለባት ተብላ የነበረች ሴት ናት። አልትራሳውንዱ ያሳየው ግን በፈሳሽ የተሞላ ከረጢት ነበር። በቀዶ ሕክምና ወጣላትና ዳነች።

በሲቲ ስካን ታሪክ ደግሞ የአፍሪካ አሻራ አለበት። ደቡብ አፍሪካዊው የፊዚክስ ባለሙያ አለን ኮርማክ በ1956 በኬፕ ታውን ግሩት ሹር ሆስፒታል ሲሠሩ፣ ጨረር በሰው አካል ውስጥ በየቦታው ምን ያህል እንደሚዋጥ በሒሳብ ማስላት የሚቻልበትን መንገድ ማሰብ ጀመሩ። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ በበኩላቸው መሣሪያውን ሠርተው በኦክቶበር 1971 ለንደን ውስጥ የመጀመሪያዋን ታማሚ አንጎል አነሡ። ሁለቱ በ1979 የሕክምና የኖቤል ሽልማትን ተጋሩ።

ሁለት ምስል ለምን ይጣመራል?

ፔት ስካን ብቻውን ሲታይ ጨለማ ውስጥ የበራ መብራት ይመስላል። አንድ ነገር መብራቱ ይታወቃል፤ የት እንደበራ ግን በትክክል ለመናገር ያስቸግራል። ደምቆ የታየው ነጥብ ከሳንባው ላይ ነው ወይስ ከጎን አጥንት? ከአንጀት ነው ወይስ ከጎኑ ካለው የንፍፊት ዕጢ? ሲቲ ስካን በተቃራኒው ቦታውን ጥርት አድርጎ ያሳያል። ሆኖም መጠኑ ያልተለወጠ ንፍፊት በውስጡ ካንሰር ይኑርበት አይኑርበት ከቅርጹ ብቻ ማወቅ አይቻልም።

ቀደም ሲል ሐኪሞች ሁለቱን ምስሎች ጎን ለጎን ሰቅለው በዓይን ያመሳክሩ ነበር። ችግሩ ምስሎቹ በተለያየ ቀን፣ በተለያየ አልጋ ላይ የተነሡ መሆናቸው ነው። የሰውየው አተኛኘት፣ የፊኛው ሙላት፣ የአንጀቱ አቀማመጥ ይለያያል። ይህን ለማስቀረት ዴቪድ ታውንሰንድና ሮናልድ ነት የተባሉ ተመራማሪዎች ሁለቱን መሣሪያዎች በአንድ አካል ላይ አዋሐዱ። የመጀመሪያው የሙከራ መሣሪያ በ1998 በፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ ሥራ ጀመረ። ታማሚው ከአልጋው ሳይነሣ በሁለቱም ያልፋል፤ ኮምፒውተሩም የሥራውን ምስል በቅርጹ ምስል ላይ ደርቦ ያቀርባል።

ውጤቱ በሕክምና ውሳኔ ላይ ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ለምሳሌ በሳንባ ካንሰር የተያዘ ሰው ዕጢው ካለበት ቦታ ካልወጣ በቀዶ ሕክምና ሊወገድለት ይችላል። ወደ ሌላ የአካል ክፍል ተሠራጭቶ ከሆነ ግን ቀዶ ሕክምናው ከሥቃይ በቀር የሚያስገኝለት ጥቅም ላይኖር ይችላል። ጥምር ምስሉ ይህን ከቢላዋ በፊት ለመለየት ይረዳል።

ሌሎች ጥምረቶችም አሉ። በፕሮስቴት ካንሰር ምርመራ፣ በኤምአርአይ የታየው አጠራጣሪ ቦታ በአልትራሳውንድ ምስል ላይ ይደረባል። ኤምአርአዩ ቦታውን ለይቶ ያሳያል፤ አልትራሳውንዱ ደግሞ ናሙና የሚወስደውን መርፌ በዚያው ቅጽበት ይመራል። ፔትን ከኤምአርአይ ጋር ያጣመሩ መሣሪያዎችም አገልግሎት ላይ ውለዋል። እነዚህ ለአንጎል ምርመራ፣ እንዲሁም የጨረር መጠን መቀነስ ለሚያስፈልጋቸው ሕፃናት ይመረጣሉ።

የበራ ሁሉ ካንሰር አይደለም

የጥምር ምስል ጥራት አንባቢውን ሊያታልለው ይችላል። በቀለም ያሸበረቀ፣ ቦታው በሚሊሜትር የተለካ ምስል የመጨረሻ ፍርድ ይመስላል። ነገር ግን ፔት ስካን የሚያየው ካንሰርን ሳይሆን የስኳር አጠቃቀምን ነው። አንጎልና ልብ በተፈጥሯቸው ብዙ ስኳር ይጠቀማሉ። ከኢንፌክሽን ጋር የሚታገሉ የመከላከያ ሕዋሳትም እንዲሁ።

ይህ እውነታ በአፍሪካ ቀንድና በምሥራቅ አፍሪካ የተለየ ክብደት አለው። በአካባቢው በስፋት የሚገኘው የሳንባ ነቀርሳ ወይም ቲቢ በፔት ስካን ላይ እንደ ካንሰር ደምቆ ሊታይ ይችላል። በሲቲ ስካኑም ቢሆን የቲቢ እብጠት ከዕጢ ጋር የሚመሳሰልበት ጊዜ አለ። ሁለት መሣሪያዎች ተስማምተው ሁለቱም አንባቢውን ወደ ስሕተት ሊመሩት ይችላሉ ማለት ነው። በዚህ ምክንያት ካንሰርን ለማረጋገጥ አብዛኛውን ጊዜ ከዕጢው ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ይመረመራል። ምስሉ ናሙናው ከየት መወሰድ እንዳለበት ይጠቁማል እንጂ ናሙናውን አይተካም።

ተቃራኒውም ያጋጥማል። ቀስ ብለው የሚያድጉ አንዳንድ ካንሰሮች ብዙ ስኳር ስለማይጠቀሙ በፔት ላይ ሳይደምቁ ይቀራሉ። በጣም ትናንሽ ዕጢዎችም ሊያመልጡ ይችላሉ።

የመደረቡ ሥራ ራሱ የስሕተት ምንጭ ሊሆን ይችላል። ሲቲ ስካኑ በጥቂት ሰከንዶች ሲያልቅ ፔቱ ደቂቃዎችን ይወስዳል። በዚህ መካከል ታማሚው ይተነፍሳል፤ ሳንባና ጉበት ወደ ላይና ወደ ታች ይንቀሳቀሳሉ። በጉበት አናት ላይ ያለ ዕጢ በተደረበው ምስል ላይ በሳንባ ሥር ያለ መስሎ ሊታይ ይችላል። ልምድ ያለው የራዲዮሎጂ ባለሙያ የተደረበውን ምስል ብቻ ሳይሆን ሁለቱን ለየብቻ ደግሞ የሚያየው ለዚህ ነው።

በብረት ላይም እንዲሁ

በኢንዱስትሪ ፍተሻ ያለው አመክንዮ ከዚህ አይለይም። የነዳጅ ወይም የጋዝ ቧንቧ ብየዳ በራጅ ሲታይ በውስጡ የቀረ የአየር ቀዳዳና ቆሻሻ በቀላሉ ይለያል። ቀጭን ስንጥቅ ግን ከጨረሩ አቅጣጫ ጋር ካልተስማማ ጥላ ሳይጥል ይቀራል። አልትራሳውንድ በተቃራኒው ድምፁን ፊት ለፊት የሚቀበልን ስንጥቅ በደንብ ይይዛል፤ ክብ የሆነች ትንሽ የአየር ቀዳዳ ግን ማሚቶውን በየአቅጣጫው ስለምትበትነው ደካማ ምልክት ትሰጣለች። አንዱ የሚደክምበት ቦታ ሌላው የሚበረታበት ነው።

በአውሮፕላን ሞተር ብሌዶች ላይም ሦስት መንገዶች ይታወቃሉ። አብሪው ቀለም ሰፊ ገጽን በአንድ ጊዜ ለማየት ይጠቅማል፤ ሆኖም የሚያሳየው ወደ ውጭ የተከፈተ ስንጥቅን ብቻ ነው። ስንጥቁ በቆሻሻ ከተደፈነ ወይም በጣም ከጠበበ ቀለሙ አይገባበትም። ኤዲ ከረንት የሚባለው ዘዴ በብረቱ ውስጥ አነስተኛ ተሽከርካሪ የኤሌክትሪክ ፍሰት ይፈጥርና ስንጥቅ ፍሰቱን ሲያውከው ይለካል። ከገጹ ብዙ ርቆ ማየት ግን አይችልም። አልትራሳውንድ ደግሞ ወደ ውስጥ ዘልቆ ይገባል፤ ብሌዱ ከሞተሩ ሳይፈታም ሊሠራበት ይችላል።

ከ2018ቱ አደጋ ከሦስት ቀን በኋላ የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ተመሳሳይ ሞተሮች ላይ ያሉ ብዙ የበረሩ ብሌዶች በአልትራሳውንድ እንዲፈተሹ አስቸኳይ ትእዛዝ አወጣ። ያ ብሌድ በ2012 ከተመረመረ በኋላ በነበሩት ዓመታትም የሞተሩ አምራች በጥገና ወቅት የሚደረገው ፍተሻ በኤዲ ከረንት እንዲታገዝ አድርጎ ነበር። የተሰበረው ብሌድ ግን ይህ አሠራር ከመምጣቱ በፊት የተፈተሸ ነበር።

የዲኪካዋ ሕፃን ምስክርነት

ሳይጎዱ ማየት ከሕይወትና ከማሽን ባሻገር ለማይተካ ቅርስም ዋጋ አለው። ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆነው ከኢትዮጵያ የተገኘ ነው። ኢትዮጵያዊው የሥነ ቅሪተ አካል ተመራማሪ ዘረሰናይ ዓለምሰገድ በዲሴምበር 2000 በአፋር ክልል ዲኪካ በተባለ ቦታ «ሰላም» የሚል ስም የተሰጣትን የ3.3 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላት ሕፃን ቅሪተ አካል አገኙ። ሰላም ሉሲ ወይም ድንቅነሽ ከምትመደብበት ዝርያ ናት። አጥንቶቿ እንደ ድንጋይ በጠጠረ አሸዋ የተያዙ ስለነበሩ፣ አሸዋውን በጥቃቅን መሣሪያዎች ማስለቀቅ ብቻ ዓመታት ፈጅቷል።

አንድ ጥያቄ ግን በመሣሪያ ጫፍ የሚመለስ አልነበረም። ሰላም ስንት ዓመቷ ሳለ ሞተች? አንጎሏስ ምን ያህል አድጎ ነበር? ጥርሷን ሰንጥቆ ማየት የማይታሰብ ነው። ተመራማሪዎቹ ሁለት ዓይነት ምስል ተጠቀሙ። ከዲኪካና ከሐዳር የተገኙ የራስ ቅሎች በሲቲ ስካን ተነሥተው፣ አንጎሉ በራስ ቅሉ የውስጥ ግድግዳ ላይ የተወው አሻራ በኮምፒውተር ተቀረጸ። የሰላም የራስ ቅል በተጨማሪ ፈረንሳይ ግረኖብል በሚገኘው የአውሮፓ ሲንክሮትሮን ተቋም በእጅግ ኃይለኛ ኤክስሬይ ተመረመረ። ይህ ጨረር በጥርሷ ውስጥ በየቀኑ የተጨመሩትን ስስ የዕድገት መስመሮች አሳየ።

መስመሮቹ ሲቆጠሩ ሕፃኗ የሞተችው በ861 ቀን ዕድሜዋ፣ ማለትም ሁለት ዓመት ከአራት ወር ገደማ ሲሆናት እንደሆነ ታወቀ። የአንጎሉ መጠንና የጥርሱ ዕድሜ ሲጋጠሙ የተገኘው ውጤት በ2020 ሳይንስ አድቫንስስ በተባለው መጽሔት ላይ ወጣ። የዝርያው አንጎል አወቃቀር የዝንጀሮ ዓይነት ቢሆንም ዕድገቱ እንደ ሰው ልጅ ረዘም ያለ ጊዜ ይወስድ እንደነበር ጥናቱ አመለከተ። የአንጎሉ ምስል ብቻውን ይህን አይናገርም፤ የጥርሱም ምስል እንዲሁ። መልሱ የተገኘው ሁለቱ ሲገናኙ ነው።

ዋጋውና ተደራሽነቱ

ጥምር ምስል ያለ ዋጋ አይገኝም። የዓለም ሕዝብ ከተፈጥሮ ምንጮች በአማካይ በዓመት 2.4 ሚሊሲቨርት ገደማ ጨረር ያገኛል። አንድ የደረት ራጅ የሚጨምረው ወደ 0.1 ሚሊሲቨርት ነው። ጥምር የፔትና የሲቲ ምርመራ ግን እንደ መሣሪያውና እንደ አሠራሩ ከ10 እስከ 25 ሚሊሲቨርት ሊደርስ ይችላል። ካንሰር ላለበት ሰው ከምርመራው የሚገኘው ጥቅም አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ያመዝናል። ያለ በቂ ምክንያት «ለማንኛውም እንየው» ተብሎ የሚደረግ ግን አይደለም።

ሌላው ዋጋ ከጊዜ ጋር የተያያዘ ነው። ለፔት የሚያገለግለው ፍሎሪን 18 በየ110 ደቂቃው ኃይሉ በግማሽ ይቀንሳል። ከተመረተ ከስድስት ሰዓት በኋላ የሚቀረው ከአሥር እጅ አንዱ ብቻ ነው። ስለዚህ ፔት ስካነር መግዛት ብቻውን በቂ አይደለም። ንጥረ ነገሩን የሚያመርት ሳይክሎትሮን የተባለ መሣሪያ በቅርብ ርቀት፣ ወይም አስተማማኝ የአየር ማመላለሻ ያስፈልጋል። መሣሪያውን የሚጠግን መሐንዲስ፣ የማይቋረጥ ኤሌክትሪክና ምስሉን የሚያነብ ባለሙያም የግድ ናቸው። በምሥራቅ አፍሪካ ናይሮቢ ይህን አገልግሎት በሳይክሎትሮን ታግዘው ከሚሰጡ ከተሞች አንዷ ናት። ለብዙዎቹ የአካባቢው ነዋሪዎች ግን ምርመራው ረጅም ጉዞና ከፍተኛ ወጪ ይጠይቃል።

ይሁን እንጂ የጥምረት ጥቅም ውድ መሣሪያ ባለበት ብቻ የተወሰነ አይደለም። የደረት ራጅና የአክታ ምርመራ አብረው ሲታዩ፣ ወይም የጡት ራጅ የሚባለው ማሞግራም ያሳየው ጥላ በአልትራሳውንድ ሲጣራ የሚሠራው ያው መርሕ ነው። የተለያየ ነገር የሚለኩ ሁለት ምርመራዎች አንድ ዓይነት ምርመራን ሁለት ጊዜ ከመድገም የበለጠ ይናገራሉ።

ለታማሚው የሚጠቅሙ ቀላል ጥንቃቄዎችም አሉ። ከፔት ስካን በፊት ለሰዓታት ያለ ምግብ መቆየትና ከከባድ እንቅስቃሴ መታቀብ ይጠየቃል፤ የሠራ ጡንቻ ስኳር ስለሚስብ ምስሉን ያውካልና። የስኳር ሕመም ያለበት፣ ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም የምታጠባ፣ ቀደም ሲል ቲቢ የታመመ፣ በቅርቡ ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰው ይህን አስቀድሞ መናገር አለበት። በአካሉ ውስጥ ብረት ወይም የልብ ምት መቆጣጠሪያ ያለበት ሰው ደግሞ ወደ ኤምአርአይ ክፍል ከመግባቱ በፊት ማሳወቅ ይኖርበታል። የቀድሞ ምስሎችን ይዞ መሄድም ጥቅሙ ከፍ ያለ ነው። የዛሬው ጥላ ከአምናው ጋር ሲነጻጸር አድጎ እንደሆነና እንዳልሆነ የሚታወቀው በዚህ ነው።

በ2012 ብሌዱን የመረመሩት ሰዎች በጊዜው የነበረውን ደንብ ተከትለዋል። የጎደላቸው ሁለተኛ ዓይን ነበር። ሐኪም «ምንም አልታየም» ሲል ታማሚው «በምን ታየ? በሌላ መንገድስ መታየት ያስፈልገዋል?» ብሎ ቢጠይቅ ባለሙያውን መጠራጠሩ አይደለም። ባለሙያውም ራሱን ዘወትር የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።